«ሀገር በቀል» ስንል የቱን ሀገር ነው? የጃፓኖቹና የፈረንጆቹ ልዩነት

ጎታ ጠባቂ (ክር ከፋች)

ሰላም ለዚህ ቤት። የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ተገትሬያለሁ። አማካሪዬ «ከውስጥ የሚነሣ ልማት ያው አንድ ነገር ነው፤ ጃፓን በለው ጣሊያን ምን ለውጥ አለው?» ይሉኛል። እኔ ግን ባነበብኩ ቁጥር ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች አልመስልህ አሉኝ። ልጻፈውና ውገሩኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ስሙ። «ሀገር በቀል» የሚል ቃል አለን። በ2019 የወጣው የኢኮኖሚ ማሻሻያም የተጠራው በዚህ ነው። እዚያ ላይ ሀገር ማለት ኢትዮጵያ ናት። ጃፓኖቹ «ናይሃትሱተኪ ሃተን» (ከውስጥ የሚነሣ ልማት) ሲሉ ግን ጃፓንን ማለታቸው አይደለም። አንድ ሸለቆ፣ አንድ ተፋሰስ፣ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ማለታቸው ነው። እንዲያውም በብዙ ጽሑፋቸው ሀገር ተከሳሽ ሆና ነው የምትቀርበው። ስለዚህ እኔ «ውስጠ በቀል» እያልኩ እቀጥላለሁ። የተሻለ ቃል ያለው ያምጣ።

የቃሉ አመጣጥ ደስ ይላል። ደራሲው ናትሱሜ ሶሴኪ በ1911 ዋካያማ ውስጥ አንድ ንግግር አደረገ። የምዕራቡ ሥልጣኔ እንቡጥ ጊዜው ሲደርስ እንደሚፈነዳው ከውስጥ የመጣ ነው አለ። የጃፓኑ ግን ከውጭ ተገፍቶ የመጣ፣ ላይ ላዩን የሚንሸራተት ነው አለ። ልብ በሉ፣ ያኔ «ከውስጥ» የተባለው ፈረንጁ ነው።

ከ60 ዓመት በኋላ ሶሲዮሎጂስቷ ካዙኮ ጹሩሚ ቃሉን ገለበጠችው። ፕሪንስተን የተማረች ናት፤ የዘመናዊነትን ቲዎሪ ከምንጩ ጠጥታዋለች። በ1976 ከአጥኚ ቡድን ጋር ሚናማታ ሄደች። ቺሶ የሚባል የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ወደ ባሕር የለቀቀባት ከተማ ናት። ዓሣውን የበላ ብዙ ሰው ተንቀጠቀጠ፤ ሕፃናት አካላቸው ተጎድቶ ተወለዱ። በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው። መንግሥት መንሥኤውን ያመነው በ1968። አሥራ ሁለት ዓመት! ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅነት የተነሣ ሰው የከተማዋ ከንቲባ የሆነበት ዘመን ነው። ጹሩሚ ከዚያ ስትመለስ፣ ሁሉም ሕዝብ አንድ መንገድ ተከትሎ ያድጋል የሚለውን ትምህርቷን ጣለችው። እያንዳንዱ አካባቢ ከአፈሩ፣ ከውኃውና ከወረሰው ባህል ተነሥቶ፣ የውጭውን ዕውቀት ደግሞ በራሱ ልክ እየቀደደ የራሱን መንገድ ያወጣል አለች።

ኢኮኖሚስቱ ኬኒቺ ሚያሞቶ ደግሞ በኦሳካ አጠገብ በሳካይና ሰንቦኩ የተተከለውን የብረትና የነዳጅ ኬሚካል ኢንዱስትሪ አጠና። ያገኘው ቁምነገር፦ ትርፉ ቶክዮ ዋና መሥሪያ ቤት ይገባል፣ ጭሱ እዚያው ይቀራል።

ወደ አውሮፓ ስንመጣ መነሻው ሌላ ነው። ጣሊያናዊው ሶሲዮሎጂስት ባኛስኮ በ1977 «ሦስቱ ጣሊያኖች» አለ። ሰሜኑ ትልልቅ ፋብሪካ አለው፣ ደቡቡ ደኽይቷል፣ በመሀል ግን ትልቅ ፋብሪካ ሳይኖራቸው የከበሩ ትንንሽ ከተሞች አሉ። የፍሎረንሱ ኢኮኖሚስት ቤካቲኒ ይህን ምስጢር ሲፈታ ዕድሜውን ጨረሰ።

እንግዲህ የእኔ አባባል ይህ ነው። የጃፓኑ ሐሳብ ከቁስል ተነሣ፣ የአውሮፓው ከሲሳይ። አንዱ «ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ቀረን?» ይላል። ሌላው «እነዚህ እንዴት አለፈላቸው?» ይላል። ተሳሳትኩ?

ቀመር

ይሄ የኢኮኖሚስቱ የፖል ሮመር «ከውስጥ የሚነሣ እድገት» ቲዎሪ አይደለም እንዴ? በ2018 ኖቤል የወሰደበት። ምነው እሱን ዘለልከው?

ጎታ ጠባቂ

አይደለም ወንድሜ። እኔም መጀመሪያ ላይ አንድ ሳምንት ፈጅቼበታለሁ። የሮመሩ እድገት ነው እንጂ ልማት አይደለም። «ከውስጥ» የሚለውም ከሒሳቡ ሞዴል ውስጥ ማለቱ ነው። ቴክኖሎጂ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ገንዘብ አፍስሰው የሚያመጡት ነው ለማለት ነው። መንደር የለበትም። ስሙ ብቻ ነው ያመሳሰላቸው።

ቡትቶ ንግሥት

ፕራቶ ነው የምኖረው፣ ከፍሎረንስ በባቡር ቅርብ ነው። «ሲሳይ» ስትል አሳቅከኝ። እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ያየሁት ሲሳይ ጉብታ የሚያክል ቡትቶ ነው።

ከተማዋ የከበረችው በአሮጌ ልብስ ነው። ሹራብ፣ ካፖርት፣ የሱፍ ሱሪ ከየአገሩ ታስሮ ይመጣል። ለይቶ የሚደረድረው ሰው ቼንቻዮሎ ይባላል። ጎረቤቴ ሽማግሌው በዚህ ሥራ ነው ያረጁት። ሹራቡን ጨበጥ ያደርጉና፣ መለያውን ሳያዩ፣ ንጹሕ ሱፍ ይሁን ናይለን የገባበት ይነግሩሻል። ዚፑና ቁልፉ ይነቀላል። ስፌቱ ይፈታል። ከዚያ በቀለም በቀለሙ ይከመራል። ቀዩ ከቀይ፣ ቡናማው ከቡናማ። ቀለሙ አስቀድሞ ስለተለየ እንደገና መንከር ብዙም አያስፈልግም። ተቦጫጭቆ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ አዲስ ጨርቅ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አንድ ፋብሪካ አይሠራውም። አንዱ ቤት ይፈትላል፣ አንዱ ይሸምናል፣ አንዱ ያጥባል። መሀል ላይ ኢምፓናቶሬ የሚባል ሰው አለ። የራሱ የሽመና ማሽን የለውም። ትዕዛዝ ይቀበላል፣ ንድፉን ያወጣል፣ ሥራውን ለየቤቱ ያከፋፍላል። ደላላ ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ጨርቁ ቢበላሽ ስሙ የሚጠፋው የእሱ ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ላልከው፣ እዚህ የሚሉት አንድ ነገር አለ። የቱስካኒ ገበሬ ለረጅም ዘመን እኩል አራሽ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ባንድ ላይ ይሠራል፣ ሒሳብ ከባለመሬቱ ጋር ይተሳሰባል፣ ክረምቱን በእጅ ሥራ ያሳልፋል። እርሻው ሲቀር ያው ቤተሰብ ትንሽ ድርጅት ሆነ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ቻይናውያን በብዛት መጡ፣ የልብስ ስፌት ቤቶች ከፈቱ። በ2013 ታኅሣሥ አንዱ ስፌት ቤት ተቃጥሎ ሰባት ሰዎች ሞቱ። እዚያው ነበር የሚያድሩት። ታዲያ «ከውስጥ» ስንል እነዚያ ሰባቱ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ? ይህን ጥያቄ የከተማው ሰው አይወደውም። እኔ ራሴ መጤ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ አይለቀኝም።

ጎታ ጠባቂ

እህቴ፣ ጹሩሚን ያስጨነቃት ይኸው ነው። ሚናማታ ውስጥ «ጂጎሮ» እና «ናጋሬ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ነባርና ፈላሽ በለው። እሷ ያለችው ለውጥ ከነባሩ ብቻ አይመጣም ነው። ሄዶ የተመለሰ፣ ከሌላ የመጣ፣ ከነባሩ ጋር ሲገናኝ ነው አዲስ ነገር የሚወለደው። ስለዚህ «ውስጥ» ለእሷ አጥር አይደለም። ጣሊያኖቹ ግን መተማመኑ ከድሮ አብሮ ከመኖር ይመጣል ይላሉ። ይቺ ልዩነት ምዕራፌ ውስጥ አልነበረችም፤ አሁን ትገባለች።

የደጋው ባለሙያ

ለሥልጠና ጥቂት ሳምንት ኦይታ ክፍለ ሀገር ነበርኩ፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ። የ«አንድ መንደር አንድ ምርት» መነሻ ናት፤ እያንዳንዱ መንደር በራሱ መለያ ምርት ይታወቅ የሚለው ንቅናቄ። ሁሉም ሰው ገዥውን ሞሪሂኮ ሂራማትሱን ነው የሚያነሣው፣ በ1979 ያስጀመረውን። እሱ ግን ካየው ነው የቀዳው።

ያየው ኦያማን ነው። ገደል ለገደል የተጣበቀች ከተማ ናት። ለሩዝ የሚሆን ሜዳ የላትም። በ1961 መንግሥት ሩዝ አምርቱ እያለ ሲገፋ፣ ከንቲባው ሃሩሚ ያሃታ እምቢ አለ። እሱ ደግሞ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ መሪም ነበር። መፈክሩ «ፕሪምና ቼስትነት ተክለን ሃዋይ እንሂድ!» ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሄደዋል። ወጣቶቹን ደግሞ እስራኤል ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ልከው ሥራ አሳይተዋል። ጎታ ስለ ፈላሽ ያልከው እዚህ ላይ ገባኝ።

እኔን የገረመኝ የገበሬዎቹ ሱቅ ነው። ጠዋት እናቶች በትንንሽ መኪና ይመጣሉ። የራሳቸውን እንጉዳይ፣ የራሳቸውን በጨው የተሠራ ፕሪም ራሳቸው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። እያንዳንዱ እሽግ ላይ የአምራቹ ስም አለ። ገዢው ስም አይቶ ነው የሚመርጠው። «የእገሌን ስጡኝ» ይላል፣ እኛ ቅቤ እንደምንገዛው።

ሸክላ ሰባሪ

እሺ፣ ደስ የሚል ተረት ነው። አሁን ደግሞ የሚያስጠላውን እኔ ልንገራችሁ።

ሂራማትሱ ገዥ ከመሆኑ በፊት ቶክዮ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። በአንድ እጁ እንጉዳይ ያስተዋውቃል፣ በሌላ እጁ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ይጠራል። ኦይታ በ1960ዎቹ የብረትና የነዳጅ ኬሚካል ፋብሪካ በመንግሥት ዕቅድ የተተከለባት ቦታ ናት። እንጉዳዩ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን ክፍለ ሀገሩ በእንጉዳይ ብቻ አይደለም የኖረው።

ሁለተኛ፣ ዩባሪን ያያችሁ አላችሁ? ሆካይዶ ያለች የከሰል ከተማ። በ1960 ወደ 117,000 ሰው ነበራት። ከሰሉ ሲሞት ከተማዋ በራሷ ተነሣች። ከንቲባዋ የከተማው ልጅ፣ ሐሳቡ የከተማው፣ መዝናኛ ፓርኩ የከሰል ታሪክ ላይ የተሠራ። ሐብሐብ የሚመስል ውድ ሜሎንም አላት። ከዚህ በላይ «ውስጠ በቀል» ከየት ይመጣል? በ2007 በይፋ ከሰረች። ከ35 ቢሊዮን የን በላይ ዕዳ። ሆስፒታሉ አነሰ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ አሁን ሕዝቧ ከ10,000 በታች ነው። ከውስጥ መምጣቱ ብቻ ከጥፋት አያድንም።

የደጋው ባለሙያ

ዩባሪን ባትጠራት ይገርመኝ ነበር። ግን ሚያሞቶን ብታነበው ዩባሪ ምሳሌው አይደለችም። እሱ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ በአንድ ሥራ ላይ አትንጠልጠል ነው። ከጥሬው እስከ ሽያጩ ያለው እርከን ሁሉ እዚያው ይቅር፣ ብዙ ዓይነት ሥራ እርስ በርሱ ይያያዝ ነው። ሌላው ነዋሪው ተምሮ፣ ራሱ አቅዶ፣ ራሱ ይቆጣጠር ነው። ዩባሪ ከንቲባ ያቀደው፣ ብድር የገነባው ነው። ሕዝቡ ዕዳውን የሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

ሸክላ ሰባሪ

ሲሳካ ውስጠ በቀል፣ ሲከስር «እሱ እንኳ ትክክለኛው አይደለም»። አሪፍ ቲዎሪ ነው! በጭራሽ አይሸነፍም።

ነጠላ

ሸክላ ሰባሪ እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ጥሩ ነካኸው። ግን እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ።

ሚናማታ ከአደጋው በኋላ ምን ሆነች ብሎ የጠየቀ የለም። ከተማዋ ለሁለት ተሰንጥቃ ነበር። ፋብሪካው እንጀራዬ ነው የሚልና ፋብሪካው ልጄን ገደለ የሚል አንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ሰላምታ የለም። ቤቱ በሽተኛ ያለበት ልጁን መዳር አይችልም። ከተማው ስሙ ስለጎደፈ የሚናማታ ብርቱካን ገዢ ያጣበት ጊዜ ነበር።

በ1994 ከንቲባው ማሳዙሚ ዮሺ በሙታን መታሰቢያ ቀን ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። የተጠቀመበት ቃል «ሞያይ ናኦሺ» ነው። ሞያይ ጀልባና ጀልባ የሚታሰርበት ገመድ ነው። የተፈታውን ገመድ እንደገና እንሰር ማለቱ ነው። የዓሣ አጥማጅ ቃል ነው እንጂ የካቢኔ ቃል አይደለም።

ሌላው ቴትሱሮ ዮሺሞቶ የሚባል የከተማው ማዘጋጃ ሠራተኛ ነው። «ጂሞቶጋኩ» ያለውን አስጀመረ። ያገርን ነገር መማር በሉት። ነዋሪው በቡድን ይወጣና ሰፈሩን በእግሩ ይዞራል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ውኃህ ከየት ይመጣል? ወዴት ይሄዳል? ጉድጓዱን፣ ምንጩን፣ ቦዩን በካርታ ይሥሉታል። ውኃ የመረዛት ከተማ ከውኃ ጀመረች። ደንቡ የሌለህን አትመኝ፣ ያለህን ፈልግ ነው። ከውጭ የመጣውን ሰው «የነፋስ ሰው»፣ ነባሩን «የአፈር ሰው» ይሉታል። ነፋሱ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አፈሩ ሲመልስ ለካ የማያውቀው ሀብት ነበረው።

አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ብፈልግ ያገኘሁት ሊደር የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ነው። በ1991 የተጀመረ፣ ለገጠር። ብዙ መልካም ሠርቷል፣ አልክድም። ግን ገንዘቡ ብራስልስ ነው፣ ቅጹ ብራስልስ ነው፣ ሪፖርቱም ለብራስልስ ነው። ለዚህ ነው የኒውካስሉ ክሪስቶፈር ሬይ ንጹሕ ውስጠ በቀል የሚባል የለም፣ የውስጥና የውጭ ድርድር ነው ያለው። አዲስ ስምም አወጣለት። ጹሩሚ ብትሰማ «እኔስ ምን አልኩ?» የምትል ይመስለኛል።

ቡትቶ ንግሥት

ነጠላ፣ ቅጹን አትናቂው። እዚያ ፕሮግራም ውስጥ የአካባቢው ቡድን ሲወስን የመንግሥት አካላት ድምፅ ከግማሽ እንዳይበልጥ ደንብ አለ። ደንብ ባይኖር ከንቲባው ብቻውን ይወስን ነበር። አንዳንዴ ውስጥን ከራሱ ከውስጥ የሚጠብቀው የውጭ ቅጽ ነው። ዩባሪ እንዲህ ያለ ቅጽ ቢኖራት ይሻላት ነበር።

ማር ቆራጭ

ከደቡብ ነኝ፣ የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። የጃፓኑ የልማት ተራድኦ ድርጅት ጃይካ በ2010 ገደማ «አንድ መንደር አንድ ምርት»ን እኛ ክልል አምጥቶ ነበር። እሱ ላይ አልሠራሁም፣ ስለሱ አልናገርም። ስለ ሌላ ልንገራችሁ፣ ስሙን አልጠራም።

አንድ ፕሮጀክት መጣና ማራችሁን አሽጉ አለን። ማሩ ድሮም ግሩም ነው። ጠርሙሱ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ስም የሚለጠፍበት ወረቀት ከአዲስ አበባ ታትሞ ይመጣል። ስሙን የመረጡትም እነሱ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ። ሁለት ዓመት ጥሩ ሄደ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወረቀቱም አለቀ። ሴቶቹ ማሩን እንደ ድሮው በጣሳ ይዘው ገበያ ወጡ። አንዷን «ለምን ወረቀት አላሳተማችሁም?» ብላት «የማን ስም ብለን?» አለችኝ።

ደግሞ ጎታ፣ ቃሉን አትቀይረው። እኛ ጋ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ኢትዮጵያ የሚል የለም። ወንዙን ነው የሚጠራው። «አገሬው» ማለት የቀበሌው ሰው ነው። «አገር በቀል» ድሮውንም አንተ ያልከውን ነበር። ትልቅ ያደረገው ቢሮ ነው።

ጎታ ጠባቂ

ማር ቆራጭ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ሰረዝክብኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

አዛውንት አንባቢ

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ጥሩ ነው። አንድ የረሳችሁት ነገር አለ። እኛ ጃፓንን መመልከት የጀመርነው ዛሬ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዘመኑ ጃፓንን ለአብነት ይጠቅስ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ጃፓን ደርሰው ያዩትን ጽፈዋል። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት አርአያ የተከተለ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እኛ የቀናንበት ጃፓን፣ ባቡሩ፣ መድፉ፣ ከላይ የሚወርደው አዋጅ፣ ያ ሶሴኪ በ1911 «ከውጭ ተገፍቶ የመጣ» ብሎ ያዘነበት ጃፓን ነው። እነሱ ያፈሩበትን እኛ ተመኘን። ካይዘንን ስናስገባም፣ በ2011 መንግሥት ተቋም አቁሞለት፣ ያየነው ፋብሪካውን ነው። ሚናማታን ማንም አላስጎበኘንም።

ጎታ ጠባቂ

ጋሼ፣ ይህን በስምዎ ብጠቅሰው ይፈቅዱልኛል? ምዕራፉን ከሶሴኪ ሳይሆን ከዚህ እጀምረዋለሁ።

አዛውንት አንባቢ

ስሜን ተወው። ሐሳቡን ውሰድ።

ሸክላ ሰባሪ

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ግን የቁስልና የሲሳዩን ነገር አትተወው፣ እሱ ይይዛል። አንድ እርማት ብቻ። ጣሊያንም ቁስል ነበራት፣ ደቡብ ላይ። ከ1950 ጀምሮ መንግሥት ለደቡቡ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፣ ታራንቶ ላይ ግዙፍ የብረት ፋብሪካ ተከለ። ጣሊያኖች «በረሃ ላይ ያለ ካቴድራል» ይሉታል። ባኛስኮ ወደ መሀል የዞረው ሁሉም ሰው ሰሜኑንና ደቡቡን ሲያይ ስለኖረ ነው። ልዩነቱ፣ ጃፓኖቹ ሄደው ቁስሉ አጠገብ ተቀመጡ። ጣሊያኖቹ ያልቆሰለውን ፈለጉ።

ጎታ ጠባቂ

አንተ ሰውዬ ሳትስማማ ነው የምትረዳው።

ማር ቆራጭ

የደጋው ባለሙያ፣ አንድ ጥያቄ። እዚያ ኦያማ ሱቅ ውስጥ እሽጉ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያትመው ማነው?

የደጋው ባለሙያ

ራሳቸው። ጥግ ላይ ትንሽ ማተሚያ አለች። ስማቸውን ይነካሉ፣ ዋጋውን ራሳቸው ያስገባሉ፣ ትተፋላቸዋለች። አንዷ እናት ዋጋ አሳንሳ ስታስገባ ከኋላዋ የቆመችው ጎረቤቷ ተቆጥታ አስቀየረቻት። የተባባሉትን አልሰማሁም፣ ቋንቋው አይገባኝም። ግን ሁለቱም እየሳቁ ነበር።